አርባ አንድ ጊዜ ብራና

«ማሽኑ እግዚአብሔር አይደለም፣ የኔታ!» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ፤ ከታች ያለው ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ ያዳመጠን መሰለኝ።

«ነው ያለህ ማን ነው?» አሉ የኔታ ጭራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው እያዛወሩ። «ማሽን ነው አልክ፤ እሺ፣ ማሽን ይሁን። ይኸማ ይብሳል! እግዚአብሔር ሳንነግረው ያውቃል፤ ያም ሆኖ እግዚኦ የምንለው አርባ አንድ ጊዜ ነው። ምንም የማያውቅ ማሽንማ ስንት ጊዜ ሊነገረው ነው?»

«አንድ ጊዜ! በትክክል ከተነገረው አንድ ጊዜ ይበቃዋል።»

«አንተስ አንዴ መች ነገርከውና?» አለች ጸሐፊዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። «ግጥምህን ሦስቴ አነበብኩት። ብራና የሚል ቃል አንድም ቦታ የለውም።»

ይህን ባትል ይሻል ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ክርክሩ በእኔና በየኔታ መካከል፣ ስለ ድረ ገጻችን ግርጌ ነበር። እርሳቸው «የብራና መጽሐፍ ጎንደር» የሚሉት ሦስት ቃላት አርባ አንድ ጊዜ ተደጋግመው እንዲጻፉ ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ እላለሁ። አሁን ነገሩ ወደ ግጥሜ ዞረ።

«ግጥም ሁሉን ነገር በስሙ አይጠራም፣ እታለም» አልኳት።

«ዕቃ የሚሸጥ ሰው ግን ይጠራል።»

ጥግ ላይ ቆዳ የሚፍቁት አያ መፋቂያቸውን አቁመው ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩን። «ምነው ትጨቃጨቃላችሁ?» አሉ። «ፈላጊውን ራሱን ጠይቁት።»

ፈላጊው የምንለው፣ ሰው በስልኩ አንድ ነገር ሲጽፍ ከዓለሙ ድረ ገጽ ሁሉ መርጦ የሚደረድርለትን ያን ማሽን ነው። ስሙን ያወጡለት አያ ናቸው። ሲያነሱትም እንደ አንድ አዲስ የተሾመ ባለ ሥልጣን ነው። ጠዋት ገብተው ጋቢያቸውን ሚስማር ላይ ሲሰቅሉ «ፈላጊው ዛሬስ ምን አለ?» ይላሉ። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ እመለከትና «ዛሬም አላየንም» እላለሁ። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» ይላሉ፣ ምንም ቅያሜ ሳይገባቸው።

ማኅበራችን የብራና ሠሪዎች ማኅበር ነው። ቢሮው ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በወረቀት ላይ ብዙ አባላት አሉን፤ በየቀኑ የምንገናኘው ግን አራት ነበርን። የኔታ ሊቀ መንበሩ ናቸው። ማልደው ቅኔ ያስተምራሉ፣ ከዚያ መጥተው በመቃ ብዕር ይጽፋሉ። ጸሐፊዋ ደብዳቤውንም፣ ስልኩንም፣ የኔታንም የምትቆጣጠር ሴት ናት። አያ ብራና ፋቂው ናቸው። አራተኛው እኔ ነኝ። ገጣሚ ነኝ ብዬ ስገባ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ላፕቶፕ አለኝ ስል ወንበር ተሳበልኝ።

ስለ በሩም መናገር አለብኝ። ያ በር ከክረምት በኋላ ጠሞ የቀረ ነው። እኛ ስንዘጋው ወይ ግማሽ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ወይ ዞር እንዳልን ተመልሶ ይከፈታል። የሚታዘዘው ለአያ ብቻ ነበር። እጀታውን ይዘው ትንሽ ከፍ ያደርጉታል፣ ወደ ራሳቸው ሳብ ያደርጉታል፣ ይዘጋል። አስተምሩን ብንላቸው «እጅ ነው» ይላሉ። የኔታ ከእርሳቸው በኋላ ቢሮ በቆዩ ቁጥር በንፋስ ተጎሳቁለው ነው የሚያመሹት።

ይህ ሁሉ ሩጫ የተጀመረውም በአያ ምክንያት ነው። በመስቀል ሰሞን ከደጋው፣ ከአገራቸው፣ ሴት ልጃቸው ደወለች። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለመያዝ ስለማይመቻቸው ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያው ነው የሚያወሩት፤ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን። «ምነው አባቴ፣ እዚያ ከተማ ከቆዳ ጋር ልታረጅ ነው? ገብሱ ደርሷል፤ ናና እቤትህ ተቀመጥ» አለች። አያ እስከ መጨረሻው ሰምተው ዘጉት። ከዚያ ወጥረው ያስቀመጡትን ቆዳ በጥፍራቸው ጠብ ጠብ አደረጉት፤ እንደ ከበሮ ጮኸ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ድሮ የሚያዙኝ ሰዎች ወይ አርፈዋል፣ ወይ ማተሚያ ቤት ሄደዋል። የሚመጡትም ‘እንደምን ዋልክ’ ሊሉኝ ነው። እስከ ጥምቀት እጠብቃለሁ። የማላውቀው ሰው፣ አንድ እንኳ፣ በእጄ ሥራ ምክንያት ከፈለገኝ እቆያለሁ። ካልፈለገኝ ግን አገሬ እገባለሁ።»

ክፍሏ ቀዘቀዘች። እርሳቸው ከሄዱ የኔታ የሚጽፉበት ብራና የለም፤ ጸሐፊዋ የምትጽፈው ደብዳቤ የለም፤ እኔ ወንበር የለኝም። የኔታ አንድ ነገር ለመናገር አፋቸውን ከፈቱና ጭራቸውን አንዴ አወዛውዘው ተዉት።

እኔ ነኝ ያን ጊዜ «ድረ ገጽ!» ያልኩት። ለምን እንዳልኩ አሁንም አላውቅም። ዝምታ አልችልም፤ ያ ነው ምክንያቱ። «አያ፣ እኔ ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ ከጥምቀት በፊት የማያውቁት ሰው ይፈልግዎታል» አልኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። አያ «ሸጋ» አሉ። በዚያች ቃል ታሰርኩ።

ድረ ገጹን በሳምንት ሠራሁት። ከፊት ለፊቱ ከላይ እስከ ታች ግጥሜ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከግጥሜ ሌላ ምንም አልነበረውም። ያን ግጥም ሦስት ቦታ ልኬው ሦስቱም ጋር ዝም ተብሏል፤ አሁን ግን እኔ ራሴ አሳታሚ ሆኜ ነበርና ማንም ሊከለክለኝ አልቻለም። እንዲህ ይጀምራል፦

ሰማይ ተወጠረ በአራቱ ችካል፣
ንፋስ የጻፈውን ማን ያነብበዋል?

ሰማዩ ብራናው ነው። ችካሉ መወጠሪያው ነው። ይህ ለእኔ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር። የኔታ አንብበው ሲጨርሱ «ምሥጢሩስ ደግ፤ ግን ራሱም የት እንደተደበቀ የጠፋው ይመስላል» አሉኝ። የቅኔ መምህር ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት። በመጀመሪያው ወር በድረ ገጹ በኩል አንድ መልእክት ደረሰን። ሁላችንም ላፕቶፑን ከበብን። «ሰላም፣ ለሠርግ ድንኳን ታከራያላችሁ?» ይላል።

ጸሐፊዋ ያን ቀን የሳቀችው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ያ የአርባ አንዱ ክርክር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ ስለ ፍለጋ ደረጃ፣ ፈላጊው ማንን እንደሚያስቀድም፣ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ አነብ ነበር። ቃል መደጋገም ፈላጊውን እንደሚያስቆጣው፣ እያወቀም ወደ ኋላ እንደሚጥል አውቄያለሁ። ለየኔታ አስረድቻለሁ። ያን ዕለት ተለያይተን ሄድን፤ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የግጥም ምሽት ነበርና ተራዬን ልጠብቅ ከቀትር ጀምሮ ሄድኩ። ተራዬ ሳይደርስ መብራት ጠፋ። እኔ እዚያ ስጠብቅ የኔታ ጸሐፊዋን አስቀምጠው የልባቸውን አደረጉ። እርሷ ትጽፋለች፣ እርሳቸው ከአጠገቧ ቆመው በጣታቸው አንጓ ይቆጥራሉ። ሃያ ላይ ስልክ ተደወለና ቆጠራው ጠፋባቸው። ጥርጣሬ አይገባም ብለው ሁሉን አስጠፍተው ከአንድ አስጀመሯት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ጣቷን እያሸች።

በነጋታው ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልኬ «ብራና ጎንደር» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው እኛ! ከዓለም ሁሉ በላይ፣ ከሁሉ ፊት፣ እኛ!

ጫማዬን ሳላስር ሮጥኩ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁና ስልኬን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጌ ገባሁ። የኔታ አይተው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ። «አርባ አንድ!» አሉ በሹክሹክታ። «ምን ብዬህ ነበር?» አርባ አንዱ መጻፉን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ግን ከደስታዬ የተነሳ አልተቆጣሁም። እንዲያውም እጃቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። አያ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ እጃቸውን ጠራርገው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «ፈላጊው አየን ማለት ነው?» አሉ። «አየን፣ አያ!» «ሸጋ ሰው ነው።»

ጸሐፊዋ በዚህ ሁሉ ጊዜ መስታወቱ በፕላስተር የተጣበቀውን ስልኳን አውጥታ ያንኑ ቃል ጽፋ ነበር።

«የእኔ ላይ የለንም» አለች።

«ደግመሽ እዪው።»

«አንድ ጫማ ቤት አለ። ሆቴል አለ። ከበሮ የሚሸጥ አለ። እኛ የለንም።» ጣቷን ወደ ታች ስትስብ፣ ስትስብ፣ ስትስብ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ፣ ይህን ገጽ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትከፍተው?»

ግጥሜን ለማየት በየሰዓቱ እከፍተዋለሁ ብዬ እንዴት ልበል?

«ስልክህ ያውቅሃላ!» አለች። «ምን እንደምትወድ አይቶ ነው ፊት ላይ የሚያመጣልህ። ይሉኝታ ይዞት ነው።»

የኔታ ቁጭ አሉ። አያ ስልኬን መለሱልኝ፤ ሲመልሱልኝም እንደ ተሰባሪ ዕቃ በቀስታ ነበር።

ከአርባ አንዱ ውጤት የባሰው ግን ገና ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የማኅበሩን ሙሉ ስም፣ ፊደል ሳይጎድል፣ ብትጽፉም አንመጣም። ድንኳን ፈላጊው እንኳ አሁን አያገኘንም። ፈላጊው ጨርሶ ፊቱን አዙሮብን ነበር። ላፕቶፔን ይዤ የኔታ ፊት ተቀመጥኩ።

«ይጥፋ» አልኩ። «አርባ አንዱም።»

የኔታ ጢማቸውን ያዙ። «አሥራ ሁለት እናድርገው። በሐዋርያት ቁጥር።»

«አይሆንም፣ የኔታ።»

«ሰባት።»

«የኔታ…»

«ሦስት! በሥላሴ። ከዚህ በታች ዝቅ ማለት ነውር ነው።»

«አንድ» አልኩ።

ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ጸሐፊዋ መተየቧን አቆመች። «እንግዲህ አምላክም አንድ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ራሳቸውን እያጽናኑ። «ግን አንዱ ከላይ፣ በትልቁ ይጻፍ።»

ያ ደግሞ በዚያ ሁሉ ወራት የሰማሁት ምርጡ ምክር ነበር። ያነበብኩት ጽሑፍ ሁሉ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ዋናውን ነገር አንድ ጊዜ፣ ከላይ፣ በትልቁ። ግን እዚያ ቦታ ላይ፣ ከላይ፣ በትልቁ፣ ያለው የእኔ ግጥም ነበር። የኔታ አርባ አንዱን ለመተው አንድ ሰዓት ፈጀባቸው ብዬ እስቃለሁ፤ እኔ ግን ድረ ገጹ ከተከፈተ ጀምሮ ግጥሙን ለመተው ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። የአያ ቀን እየቀረበ መሆኑን እያወቅኩ ፎቶ እቀይራለሁ፣ ቀለም እቀይራለሁ፣ የፊደሉን መጠን አሳድጋለሁ፤ ሰማዩንና አራቱን ችካል ግን አልነካም።

«ምነው እኔን ሳትጠይቀኝ?» አሉኝ አያ አንድ ከሰዓት።

«ምን ልጠይቅዎት?»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ቆዳ ስትጽፍ ቆዳ የሚፍቀውን ሰው አንዴም አልጠየቅከውም እኮ።»

በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ስልኬን ለመቅጃ ከፈትኩና መሬት ላይ አኖርኩት። መጀመሪያ ለስልኩ ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋልክ» አሉት። ከዚያ እየፋቁ ማውራት ጀመሩ።

«ቆዳ በፀጉሩ አይታይም። ገልብጠህ ነው የምታየው። ፍየሏ እሾህ ቧጥጧት ከነበረ ጠባሳው ብራናው ላይ ይወጣል። መዥገር የነከሳት ቦታ፣ ወጥረህ ስትስበው ቀዳዳ ይሆናል። እከክ የያዛት ከሆነች አትልፋ፤ ባለቤቱን ‘ሐኪም ዘንድ ውሰዳት’ ብለህ መልሰው። የታመመች ፍየል ለብራና አትሆንም፤ በሕይወት ሳለች ያልተጠበቀ ቆዳ ከሞተች በኋላ አይስተካከልም።»

ይህን ሲናገሩ እጃቸው አላረፈም። የሚረግፈው ፍቅፋቂ ጉልበታቸው ላይ እንደ አመዳይ ይከመራል። እኔ ስለዚያ እጅ ስንት ምሳሌ ፈልጌ እንደነበር አስታወስኩና አፈርኩ።

ማታውኑ ቤቴ ሆኜ ቃላቸውን እንዳለ ጻፍኩት። አንድ ቃል አላስጌጥኩም። ከላይ፣ በትልቁ፣ «ብራና ከፍየል ቆዳ እንዴት እንደሚሠራ» አልኩ። ከሥሩ ብራና ሲፍቁ ያነሣሁትን የእጃቸውን ፎቶ አስቀመጥኩ፤ ከእርሱ ሥር የቢሮውን ስልክ። ግጥሜን ከገጹ አወረድኩት። ዝም ብሎ ግን አልጠፋም፤ በወረቀት አትሜ ቢሮው ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ፣ በመርፌ ቁልፍ ለጠፍኩት። ጸሐፊዋ ብቻ መጥታ አንዱን ጠማማ ጥግ አቀናችልኝ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ገና ሲቃረብ አንድ ጠዋት የቢሮው ስልክ ጮኸ። ጸሐፊዋ አነሣች፣ አዳመጠች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ከአዲ አርቃይ ነው» አለች በሹክሹክታ። «አያን ነው የሚፈልገው። በስልክ ላይ አይቶ ነው!»

የኔታ ብዕራቸውን ጣሉ። አያ ተነሡ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ነጠላቸውን አጣፉ። በድምፅ ማጉያው ከፈተችው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አያ» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። «ያን የጻፍከውን አነበብኩት። ሁሉን ነገር ታውቃለህ። እና ፍየሌ ጎኗ ላይ እከክ ወጥቶባታል፤ ምን ላርጋት?»

ሁላችንም ወደ አያ ዞርን። አያ ግን፣ ምንም የተለየ ነገር እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «ከሌሎቹ ለይተሃታል?» አሉ። ሩብ ሰዓት አወሩ። ሲጨርሱ «ሐኪም ዘንድ ውሰዳት፤ ያለውን ደውለህ ንገረኝ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ከሳንጃ ተደወለ፤ ፍየል። ከዚያ ደግሞ ከሌላ ቀበሌ፤ ሁለት ፍየልና አንድ በግ። ላፕቶፔን ከፍቼ ሰዎች ምን ጽፈው እንደሚያገኙን ስመለከት ነገሩ ገባኝ። «የፍየል ቆዳ እከክ።» በእርሱ አንደኛ ነበርን። በጸሐፊዋ ስልክም አንደኛ፣ በልብስ ሰፊው ስልክም አንደኛ። ይህኛው ይሉኝታ አልነበረም።

«ዘጠኝ ዓመት ቅኔ ቤት ኖሬ» አሉ የኔታ፣ «የእከክ ሊቀ መንበር ሆንኩ!»

«አንደኛ እንሁን አላሉም ነበር?» አለች ጸሐፊዋ።

«በእከክ አላልኩም!»

እንዲህ እንዲህ እያልን ጥምቀት ሦስት ቀን ቀረው። ከተማው ሸብ ረብ ይላል። አያ አንድ ጠዋት ትንሽ የጨርቅ ጥቅል ይዘው መጥተው ከበሩ ሥር፣ ከግጥሜ በታች፣ አስቀመጡት። ልብሳቸው ነው። ሁላችንም በእርሱ ዙሪያ ነበር የምንራመደው።

«ቀኑ ደረሰ» አሉ አያ።

«ደረሰ ምን ማለት ነው!» አልኩ። «ስንት ሰው ደወለ! የማያውቋቸው ሰዎች አይደሉም?»

«ደንቡ ‘በእጄ ሥራ ምክንያት’ ነው የሚለው» አሉ የኔታ በሐዘን። አያ እንዲቆዩ ከሁላችንም በላይ የሚፈልጉት የኔታ ናቸው፤ ግን ቃል ሲመዝኑ ለራሳቸውም አያደሉም። «እነዚያ የፈለጉት ለፍየላቸው ነው።»

«ቆዳ አይደለም እንዴ ሥራቸው?» አለች ጸሐፊዋ።

«የሞተው ቆዳ ነው። እነርሱ የጠየቁት ስለ ሕያው ነው።»

«የኔታ፣ ለማን ነው የሚከራከሩት?»

«ለእውነት!» አሉ፣ ፊታቸውን ከጥቅሉ አዙረው።

በዚህ መሐል በሩ በራሱ ተከፈተ። እንደ ልማዱ ነው ብዬ ልዘጋው ስነሣ አንዲት ፍየል ገባች። ቀጥላ ገመዷ ገባ፤ ከገመዱ ቀጥሎ አንድ ረጅም፣ አቧራ የለበሰ ሰው።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ። ያ ወፍራም ድምፅ ነው። «ከአዲ አርቃይ ነኝ። አያ ማነው?»

ስለ ፍለጋ ደረጃ በሚያወራ ጽሑፍ ሁሉ ውስጥ ፍየል ደረጃ ወጥታ ቢሮ ስትገባ ምን እንደሚደረግ አልተጻፈም። የኔታ የጻፉበትን ብራና ወደ ደረታቸው አቀፉ። ጸሐፊዋ የደብዳቤ ክምሯን ይዛ ወንበር ላይ ወጣች። ፍየሏ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና ቀጥታ ወደ ግጥሜ ሄደች። አሸተተችው። ከንፈሯን አስጠጋች። ከዚያ ተወችውና የአያን ጥቅል ማኘክ ጀመረች።

ፍየል የማይበላው ነገር እንዳለ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

አያ ጥቅላቸውን አስለቅቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ የፍየሏን ጎን በመዳፋቸው ዳበሱ። ፀጉሯን ገለጥ አድርገው አዩ። «ሐኪሙ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ።

«እዚያ የነበረው ለበዓል ሄዷል። አንተ እዚህ ካለህ ብዬ ነው የመጣሁት።» ሰውየው ይህን እያለ ዓይኑ መወጠሪያው ላይ አረፈ። ያ ነጭ፣ የጠራ ብራና በመስኮቱ ብርሃን ፊት ቆሟል። ቀረብ አለና እጁን በሱሪው ጠርጎ በአንድ ጣቱ ነካው። «ይህ ምንድን ነው?»

«ብራና ነው» አልኩ።

«ፎቶው ላይ ያየሁት ይህ ነው? ይህ ፍየል ነበር?» አለ። ጣቱን አላነሣም። «በእውነት? በእጅ የተሠራ ነው?» ከዚያ ወደ አያ ዞረ። «ይህን የሠራኸው አንተ ነህ?»

አያ እጃቸውን ከፍየሏ ጎን አንሥተው ቀና አሉ። የኔታ ግን ቀስ ብለው ወደ እኔ ዘወር አሉና አንድ ጣታቸውን አነሡ፤ አያ እንዳሉት፣ የማያውቁት ሰው፣ አንድ። ከዚያ እንባቸውን በጭራቸው ጠረጉ፤ ለዚያ የተሠራ ዕቃ አይደለም።

«እዚህ ከተማ ሐኪም አውቃለሁ» አሉ አያ ለሰውየው። «ሩቅ አይደለም። እኔው አደርስሃለሁ።» መፋቂያቸውን ጠርገው ቦታው ላይ ሰቀሉት። ጋቢያቸውን ከሚስማሩ አወረዱ።

«አያ» አሉ የኔታ፣ «ታዲያ ትቆያለህ ወይስ ትሄዳለህ?»

«ምነው ታቸኩሉኛላችሁ? ሰው እየጠበቀኝ አይደል?» ፍየሏን በገመዷ ወደ በሩ መሩ። ሰውየው ተከተላቸው፤ ዓይኑ ግን አሁንም ብራናው ላይ ነበር። አያ ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና የታኘከውን ጥቅል በእግራቸው ጫፍ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጥጉ፣ ገፋ አደረጉት።

«አንተ ገጣሚ» አሉኝ፣ «ያ የጀመርኩት ቆዳ እስክመጣ እንዳይደርቅ ውሃ ርጭበት። በልክ ነው። አርባ አንዴ እንዳታረገው።»

ፍየሏ መጀመሪያ ወጣች፣ ሰውየው ተከተለ፣ በመጨረሻ አያ። ከውጭ እጀታውን ሲይዙት ሰማሁ። ትንሽ ከፍ አደረጉት፣ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት፤ በሩም ያለ አንዳች ክርክር ተዘጋ።